እመቤት ፍለጋ ወደ ጮቄ ግርጌ

ወደ ጎጃም የሄድኩት የራሴን ውሸት በዓይኔ ለማየት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ልብ ወለድ አሳትሜ ነበር፤ አዟሪዎች ክንዳቸው ላይ ደርድረው ከሚዞሩባቸው፣ ሽፋናቸው ከሩቅ ከሚጣራ መጻሕፍት አንዱ ነው። ርዕሱ «የውሃዋ እመቤት» ይባላል። ከጮቄ ተራራ ሥር በሚፈልቅ ምንጭ ውስጥ የምትኖር፣ የማታረጅና የማትሞት፣ ነገሥታት ሳይቀሩ የሚንበረከኩላት ሴት ታሪክ ነው። ጮቄን ግን አይቼው አላውቅም። ስሙ አፌ ላይ ስለጣፈጠኝ ከካርታ ላይ የመረጥኩት ነው።

መጽሐፉ ከጠበቅነው በላይ ተሸጠ። አሳታሚው ሁለተኛ ክፍል ጻፊ አለኝ። አንባቢዎችም መንገድ ላይ እያስቆሙ ምንጩ የቱ ጋ እንደሆነ ይጠይቁኝ ጀመር። እስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን አንዲት ሴት ፒያሳ ላይ ክንዴን ይዛ ልጅ እንቢ እንዳላት በጆሮዬ ነገረችኝና ከዚያ ውሃ የሚያመጣላት ሰው ይገኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያን ቀን አልሳቅኩም። የኮሌጅ ጓደኛዬ ዘነበች ጮቄ ሥር ባለችው ሮብ ገበያ ታስተምር ነበርና፣ «ለግንቦት ልደታ ነይ» ብላ በሰው የላከችልኝን ግብዣ ያኔውኑ ተቀበልኩ።

ሐሙስ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ

አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ቢጫ ቆብ የደፉ መነኩሲት ነበሩ። ከተማውን ሳንወጣ ዳቦ ቆርሰው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ላይ አጠገባችን የተቀመጠውን ሰው ፊት እንኳ አናይም፤ እሳቸው ግን ፍቼ ሳንደርስ የእናቴን ስም፣ የምጸልይበትን ቤተ ክርስቲያንና ያላገባሁበትን ምክንያት ጠይቀው ጨርሰው ነበር። ሦስተኛውን በቅጡ አልመለስኩላቸውም።

ከፊታችን የተቀመጠው ተማሪ መጽሐፍ አወጣ። ሽፋኑን ሳየው አንገቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። የኔው ነበር።

አባይ በረሃ ወርደን ድልድዩ አካባቢ ስንደርስ የአውቶቡሱ ፍሬን ጋለና ሾፌሩ እስኪበርድለት እንድንወርድ አዘዘን። ሙቀቱ የምድጃ አፍ ላይ የቆሙ ያህል ነው። አንድ ጥላ ያለው ግራር ሥር ተጠጋጋን። መነኩሲቷ ልጁን፣ «ምንድን ነው የምታነበው? ጮክ በል፣ እኔም ልስማ» አሉት። ልጁ አፍሮ ትንሽ ካመነታ በኋላ ማንበብ ጀመረ። እመቤቲቱ ድሃ አላሳርፍ ያለውን ግብር ሰብሳቢ ጉሮሮ የምታደርቅበት ምዕራፍ ነበር። ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ተሰበሰበ። ግብር ሰብሳቢው ጠብታ ውሃ ሲለምን ሾፌሩ ሳቀ፤ እሱም የተጠማ ይመስለኛል።

«ጎበዝ ሴት ናት» አሉ መነኩሲቷ። «እናት አላት?»

ልጁ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገ። «እናቷ አልተጻፈችም፣ እማሆይ።»

«ውይ። ታዲያ ማን አሳደጋት?»

  ያንን ሁሉ ገጽ ስጽፍ ያ ጥያቄ አንድም ጊዜ መጥቶልኝ አያውቅም።

ደብረ ማርቆስ የገባነው ሲመሻሽ ነው። ያረፍኩበት ሆቴል ውሃ ተቋርጦበት ነበር። አዲስ አበባ ቢሆን «ጠፍቷል» ተብሎ በሩ ይዘጋብኛል። እዚህ ግን የሆቴሉ ባለቤት፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው ሴት፣ ራሳቸው ሙቅ ውሃ በባልዲ ተሸክመው መጡና ሳፋውን እግሬ ሥር አኖሩት። «የመንገድ ሰው እግሩን ሳይታጠብ አይተኛም» ብለው ሊያጥቡኝ ጎንበስ ሲሉ ደንግጬ ተነሣሁ። «ተቀመጪ፤ ለእንግዳ ነው እንጂ ላንቺ አይደለም» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ለእራት ባቀረቡልኝ ሽሮ ላይ የተንሳፈፈው ቅቤ እኛ ቤት ለሳምንት የሚበቃ ነበር።

አርብ፤ ወደ ሮብ ገበያ

ዝናብ ጥሎ ስላደረ ወደ ሮብ ገበያ የሚወጣ መኪና የተገኘው ከረፋዱ በኋላ ነው፤ እሱም እህል ጭኖ የወጣ አይሱዙ። ጋቢና አስቀመጡኝ። ከከተማው ርቀን ዳገቱን ስንያያዝ የኋላ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ወንዶቹ ሊገፉ ወረዱ፤ እኔም ክብደት ልቀንስ ብዬ ወረድኩ። ሁለተኛውን እርምጃ ስራመድ ጭቃው የግራ ጫማዬን ከእግሬ መንጭቆ ዋጠው። ጎንበስ ብዬ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ሞባይሌም ከደብረ ማርቆስ ወጣ እንዳልን ሞቶ ነበር፤ አንድ እግሬን አንሥቼ እንደ ሽመላ ቆምኩ።

ከጭነቱ ላይ ተቀምጣ የነበረች፣ ስሳፈር ለልደታ ወደ ዘነበች እንደምሄድ የሰማች ነጋዴ ሴት ወርዳ ኮንጎ ጫማዋን አውልቃ ሰጠችኝ። አይሆንም አልኳት።

«የኔ እግር ለምዶታል፤ ያንቺ ገና እንግዳ ነው» አለች።

«አንቺስ?»

«ለእመቤቴ ልደት የመጣሽ ሰው በባዶ እግርሽ ገብተሽ እሷ ምን ትለኛለች? አድርጊው፤ ዘነበች ቤት ተይልኝ።» ስለ እመቤታችን የምታወራው ሥራዋን ከሩቅ እያየች ስለምትቆጣጠር ጎረቤት እንደምታወራ ነበር። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ማርያም በወርቅ ክፈፍ ውስጥ ናት፤ ተነሥተን ተሳልመናት እንወጣለን። እዚህ ጫማ እንኳ ሲያውሱ ምን ትላለች ይባላል።

ዘነበች መኪናው ማቆሚያ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ነጠላዋን ገለጥ ስታደርግ ሆዷ ገፍቶ አየሁ። ወሯ ገብቷል።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ለማንም አልነገርኩም። ስናገር ነው የሚያመልጠኝ» አለች። ከዚህ በፊት የፀነሰቻቸው ሁሉ ሳይወለዱ እንደቀሩባት አውቅ ነበር፤ ዳግመኛ መሞከሯን ግን አላወቅኩም። «ብቻዬን ፈራሁ። ለልደታ ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ ላንቺ ተራራ አይደለም።»

እንደ አገሩ ልማድ ለወሊድ እናቷ ቤት ገብታ ስለነበር ከባሏ ከመምህር ጌታሁን ጋር ሆነን ከከተማው ወጣ ወዳለችው መንደር በእግር ወጣን። ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። እናቷ እማማ አትጠገብ ገና ከደጅ ሳለሁ ወፍራም የሱፍ ባና ደረቡብኝ። ትኩስ ድንች በአዋዜና የገብስ እንጀራ ቀረበ። አባቷ ቄስ ሞላ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ካህን። ባረኩና ስንበላ ቆዩ።

«ዘነበች መጽሐፍሽን ለእናቷ ስታነብ ሰማሁ» አሉኝ በኋላ። «እመቤት ትያታለሽ። የማን እመቤት ናት?»

«ልብ ወለድ ናት፣ አባ። የውሃው።»

«እኛ እመቤት ስንል አንዲት ናት የምናውቀው» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም። እማማ አትጠገብ ግን ድንች ወደ እኔ እየገፉ፣ «ይተዋት፤ ቆንጆ ወሬ ነው። ያን የግብር ሰውዬ ጉሮሮ ስታደርቀው ደስ ብሎኛል» አሉ። ሲመሽም እማማ አትጠገብ የራሳቸውን መደብ ለቀውልኝ እሳቸው ጎን ካለው ጠባቡ ላይ ተኙ።

ቅዳሜ፤ ምንጩ

ቄስ ሞላ ጠዋት በቅሎ ጭነው ደጅ ቆመው አገኘኋቸው። «ውሃውን ለማየት መጥተሽ የለ?» አሉኝ። የተቀየሙኝ መስሎኝ ስለነበር ገረመኝ። እሳቸው በእግር፣ እኔ በበቅሎ ወጣን። የበቅሎዋ አካሄድ ከአይሱዙው ይሻላል።

በመጽሐፌ ውስጥ ምንጩ የብር መስተዋት የመሰለ ኩሬ ነው፤ ዙሪያውን ነጭ አበባ ከቦታል፣ ሰው አይደርስበትም። እውነተኛው ከአለት ሥር የሚንፎለፎል ቀጭን ውሃ ነው፤ ከፊቱ በሴቶች እግር የተረጋገጠ ጭቃ፣ አጠገቡ አሮጌ የቆርቆሮ አጥር። የማርያም ጸበል ነው። ከጎኑ አስታ ቁጥቋጦ ላይ የልጅ ልብስ ቅዳጅ፣ የነጠላ ጥለት ታስሯል። ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ፤ ስለ ገብስ ዋጋና ስለ አንዲት አኩራፊ ምራት ያወራሉ። ተራቸው ሲደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከውሃው ጋር ይነጋገራሉ፤ ምን እንደሚሉ አይሰማም።

ከጸበሉ ከፍ ብሎ ያለ አለት ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ተጠግቼ ስነካው ቅቤ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው፣ አባ?»

የበቅሎዋን ልጓም አስተካከሉ። «የጥንት ነው። ከእኛ በፊት የነበረ ነው። ሴቶቹ የውሃዋ እናት ይሏታል። እንድታወልዳቸው፣ ወተታቸው እንዳይደርቅ ይቀቡላታል። እነዚሁ ሴቶች ነገ ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፣ ይቆርባሉ።»

«አይከለክሏቸውም?»

«ወጣት ሳለሁ እጮህባቸው ነበር። አውግዣቸዋለሁ ሁሉ።» አለቱን ትክ ብለው አዩት። «ዘነበች ከመወለዷ በፊት እኛም ልጆች ቀብረናል። አንድ ጠዋት ቅቤውን ልጠርግ መጥቼ በጣት የተቀባውን አየሁት። የአትጠገብ አመልካች ጣት ጎበጥ ያለች ናት፤ በልጅነቷ ተሰብራ። ያቺ ጣት እዚህ አለት ላይ ነበረች።»

«ምን አደረጉ ታዲያ?»

«ምን አደርጋለሁ? ቤት ገብቼ ምንም አላልኳት። ከዚያ ወዲህ ዓመት በዓል ሲሆን መጥቼ አለቱ ላይም ጸበል እረጭበታለሁ። እመቤታችን ትረዳዋለች ብዬ ነው። እሷም የልጇን ስቃይ ያየች እናት ናት።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «መጽሐፍሽን ብቆጣ በምን አፌ?»

ስለዚያች ፒያሳ ላይ ስላገኘኋት ሴት ነገርኳቸው። ጀሪካን ከአንዲት ሴት ለመኑና ጎንበስ ብለው ራሳቸው ቀዱልኝ። «ስሟን ንገሪኝ፣ በጸሎት ላስባት።»

ስሟን አላውቅም ነበር። ሳልጠይቃት ነው የተለያየነው።

«ግድ የለም» አሉ ክዳኑን እያጠበቁ። «የምትለመነዋ ታውቃታለች።»

እሑድ፤ ልደታ

ሰንበትና ልደታ የገጠሙበት ቀን ነበር። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ መንደሩ ከትልቁ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ልደታ በቤት ውስጥ አይከበርም፤ እመቤታችን የተወለደችው እናትና አባቷ ደጅ ተሰደው፣ ተራራ ሥር ሳሉ ነውና ሁሉም ወጥቶ ይበላል። አዲስ አበባም እናከብረዋለን፣ ግን በየግቢያችን በር ላይ ነው፤ መኪና ሲመጣ ንፍሯችንን አንሥተን እናሳልፋለን። እዚህ ሜዳው ሙሉ ሰው ነው። የባቄላና የስንዴ ንፍሮ በቁና፣ ድፎ ዳቦ፣ ጠላ። ዓመት በዓሉ የሴቶች ነው፤ ወንዶቹ የተሰጣቸውን ይበላሉ።

ዘነበች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትስቅ ነበር። ምጡ ንጋት ላይ እንደጀመራት ለእናቷ ብቻ ነግራ ደብቃለች። ንፍሮውን ተቀብላ ሳትበላ ይዛው ስትቀር አየሁ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። እማማ አትጠገብ ከልለው ነጠላዋን አነሡና ቀና ሲሉ የእሳቸውም ፊት ተለውጦ ነበር። «ደም ነው» አሉ። «ጤና ጣቢያ። አሁኑኑ።»

ሁለት እንጨትና አንድ ባና ቃሬዛ ለመሆን የፈጀባቸው ጊዜ ሳቅ የሚቆምበትን ያህል ነው። ጌታሁንና የመንደሩ ወንዶች ተሸከሙ፤ ሴቶቹ ከኋላ፣ ቄስ ሞላ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት። እኔ ከቃሬዛው ጎን የዘነበችን እጅ ይዤ እሮጣለሁ። ደመናው ተራራው ላይ ጠቁሮ ነበር።

«አውሪኝ» አለችኝ። «ዝም አትበዪ። ስለ እሷ አውሪኝ።»

እመቤቲቱ በውሃ ዙፋኗ ላይ ሆና ንጉሡን የምትቀበልበትን ጀመርኩ።

«ይሄን አውቀዋለሁ። የማላውቀውን።»

እየሮጥኩ መፈልሰፍ ያዝኩ። እመቤቲቱ አንድ ቀን ድምፅ ሰማች አልኳት፤ ሴት ናት የምትጮኸው። ከውሃዋ ወጥታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ወጣች።

ከፊት የተሸከመው ሰውዬ እያለከለከ፣ «በየት በኩል ወረደች?» አለ።

«በዚሁ መንገድ።»

«ታዲያ ጫማዋን ታውልቅ፤ እዚህ ጋ ያዳልጣል።»

አወለቀች አልኩ። ቀሚሷ ጭቃ ነካ። እግሯን እሾህ ወጋት፤ ህመም ምን እንደሆነ ያኔ አወቀች። ተሸካሚዎቹ ትከሻ ሲቀያየሩ እሷም ተራዋን ተሸከመች። ቄስ ሞላ ከፊት ሳይዞሩ፣ «ጠምቷት ይሆናል» አሉ። «እመቤታችንም ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ ስትሰደድ ጠምቷት ነበር። ውሃ ብትለምን ከለከሏት።» እኔም፣ አዎ፣ ጠማት፣ ለመነች አልኩ። የሳቸው የትኛው፣ የኔ የትኛው እንደሆነ ከዚያ ወዲያ መለየት አቃተኝ።

አርብ ስንወጣ የተሻገርነው ወንዝ ጋ ስንደርስ ሞልቶ ነበር። ወንዶቹ ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ አጥብቀው ገቡ። መሀል ላይ ዘነበች ጮኸችና እጇ ከእጄ ውስጥ ዛለ። ወሬዬ አለቀ። 

እማማ አትጠገብ ያኔ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ቆመው፣ ሰማዩን ሳይሆን ፊት ለፊት ቆሞ የሚያናግራቸው ሰው ያለ ይመስል ተናገሩ።

«እመቤቴ፣ ዛሬ ልደትሽ ነው ብለሽ ረሳሽን? የቀደሙትን ስትወስጂ ዝም አልኩሽ። ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቷል? ይቺን ግን አልሰጥሽም። ነይ። ቶሎ ነይ።»

ቄስ ሞላ ዞረው ሚስታቸውን አዩ። የሚገሥጿቸው መስሎኝ ነበር። «አሜን» አሉ።

ከኋላ ያሉት ሴቶች፣ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ተቀበሉ። ከወንዙ ማዶ ስንወጣ ድምፄ ሻክሮ ሳገኘው ነው እኔም ስጣራ እንደነበር ያወቅኩት። ቤተ ክርስቲያን ከሄድኩ ዓመታት አልፈውኝ ነበር።

ጤና ጣቢያው በዓል ነውና ጭር ብሏል። ጥበቃው ሮጦ አዋላጇን ከቤቷ ጠራት፤ የሐበሻ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች መጣች። እማማ አትጠገብን ብቻ አስገብታ በሩን ዘጋች። እኛ ግቢው ውስጥ ቆምን። ዝናቡ መጣ፤ የተጠለለ አልነበረም። ጌታሁን ግድግዳው ላይ ግንባሩን ደግፎ ቀረ። ከውስጥ የዘነበች ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቆመ። ያ ዝምታ ረዘመ። ጌታሁን ጆሮውን በእጁ ሲደፍን አየሁት።

ከዚያ ቀጭን፣ የተናደደ የሚመስል ለቅሶ ተሰማ።

ሴቶቹ እልልታውን ሲለቁት ቄስ ሞላ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። አዋላጇ በሩን ከፍታ ላብ በላብ ሆና ቆመች። «ሴት ናት። ደክማ ነበር፤ ደህና ናት። እናቲቱም ደሟ ቆሟል» አለች። «ማርያም ማረቻት።» የተማረች አዋላጅ ናት፣ ጓንቷን ገና አላወለቀችም፤ ያንኑ ነው ያለችው።

ሰኞ፤ መለያየት

ወደ ማርቆስ የሚወርደው መኪና ከመነሣቱ በፊት ልሰናበታቸው ጤና ጣቢያ ገባሁ። ሴቶቹ ገንፎ አምጥተው መሀሉን አጎድጉደው ቅቤ ሞልተውበታል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ ወንበር። ወንበሩ ላይ አዋላጇ ተቀምጣ ትበላለች። ዘነበች ገርጥታለች፤ ግን ዓይኗ ክፍት ነው፣ ልጅቷ ደረቷ ላይ ተኝታለች።

«ሁለተኛውን ክፍል ትጽፊዋለሽ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«እጽፈዋለሁ መሰለኝ። ከወንዙ ወዲህ ያለውን ግን አላውቀውም።»

«ጌታሁንን ጠይቂው። ሌሊቱን ሙሉ እሱ ነው ሲቀጥልልኝ ያደረው። ለእመቤቲቱ ከብት ገዝቶላታል።»

ሳቅን። ለክርስትናዋ እመለሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁ፤ የክርስትና እናቷ እኔ እንድሆን ቄስ ሞላ ቀድመው ወስነው ነበር። ገንፎ ሰጡኝ። ልበላ ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከዘነበች እግር ግርጌ ባለው ክፍት ቦታ ልቀመጥ ስል እማማ አትጠገብ ክንዴን ያዙኝ።

«እዚያ አይሆንም፣ ልጄ። ተይዟል፤ ትናንት የጠራናት አለችበት።»

ዞሬ አየሁት። የተነጠፈ ብርድ ልብስ ነው እንጂ ምንም የለበትም። አዋላጇም፣ ዘነበችም፣ ገንፎ የሚበሉት ሴቶችም ቀና አላሉም፤ አንዷ ሳህን ስታቀብል እንኳ በዚያ በኩል ላለማሳለፍ እጇን አዙራ አቀበለች።

ከደጅ ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋል። ገንፎዬን ይዤ አልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ እማማ አትጠገብም ጠጋ አሉልኝና አብረን ከአንድ ሳህን በላን።